ስለ ከባድ መኪናዎች የጎማ ሚዛን

በቀድሞ ዘመን ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን ሲጭን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የጭነቱን መስተካከል ነበር። በቀኝ የተጫነው ጨው በግራ ከተጫነው የከበደ እንደ ሆነ፣ መንገዱ ገና ሳይጋመስ ጭነቱ ይዘማል፣ የእንስሳው ጀርባ ይገጠባል፣ ዳገት ላይ ሲደርስም ጭነቱ ተገልብጦ ገደል ይገባል። ስለዚህ ብልኅ ነጋዴ በቀለለው ወገን ድንጋይ ጨምሮ ያስተካክል ነበር። ያ ድንጋይ በገበያ የማይሸጥ፣ ትርፍም የማያመጣ ከንቱ ሸክም ቢመስልም፣ የበቅሎውን ጀርባና የነጋዴውን ገንዘብ የሚያድን እርሱ ነበር።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የበቅሎው ሥራ ጥቂት በጥቂት ወደ መኪና ተላልፏል። ዛሬ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው አዲሱ የባቡር ሐዲድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ቢመረቅም፣ ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁና ብረቱ ብዙው እስከ ዛሬ ድረስ በተሳቢ መኪና በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ በኩል ይመላለሳል። ይህ ሁሉ ሸክም የሚያርፈው በጎማ ላይ ነው። እንግዲህ የጎማ ሚዛን ነገር ለጋራዥ ሠራተኛ ብቻ የሚተው ትንሽ ጕዳይ ሊመስል አይገባም። መኪና የሚገዛ፣ መኪና የሚያስተዳድርና የሠራተኛ ጤና የሚጠብቅ ሹም ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

በዚህ ጕዳይ ዛሬ ሁለት መንገዶች ይከራከራሉ። አንደኛው የቆየው ነው፤ ጎማው ከነቸርኬው በመሣሪያ ላይ ይሽከረከርና በቀለለበት ቦታ ከቸርኬው ከንፈር ላይ ትንሽ የእርሳስ ወይም የሌላ ብረት ቍራጭ ይመታበታል። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ከውጭ ምንም ሳይለጠፍ በጎማው ሆድ ውስጥ ከብርጭቆ፣ ከሸክላ ወይም ከብረት የተሠሩ ደቃቅ ዶቃዎች ይጨመራሉ፤ እነዚህም ጎማው ሲዞር በገዛ ራሳቸው ወደሚፈለጉበት ቦታ ሄደው ያስተካክሉታል ይባላል። የቆየውን የሚወዱ አዲሱን ተረት ነው ይሉታል፤ አዲሱን የሚወዱም የቆየውን ያረጀ ልማድ ነው ይላሉ። ነገሩን ሳይመረምሩ በአንዱ ወገን መፍረድ ግን ለዳኛም ለመሐንዲስም አይገባም።

አስቀድሞ ጎማ ለምን ሚዛኑን ያጣል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጎማ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ አይወጣም፤ ከላስቲክ፣ ከክርና ከብረት ሽቦ ተደራርቦና ተጋጥሞ የሚሠራ ነገር ነው። ድርቡ በተጋጠመበት ቦታ ጥቂት ይወፍራል፤ በሌላው ይሳሳል። ቸርኬውም ቢሆን ቫልቮላ የገባበት ቀዳዳና የተበየደ መጋጠሚያ አለው። ጎማው በተወለወለ ቸርኬ ላይ ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ፣ ወይም ከንፈሩ ላይ ዝገትና ጭቃ ካለ፣ ጕድለቱ ይብሳል። በዳግም የተለበጠ ጎማ ላይም እንዲሁ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ በታላቅ ጎማ ላይ የጥቂት መቶ ግራም ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

ሁለት መቶ ግራም ምንድር ነው የሚል ሰው ይኖራል። እጅ ላይ ሲያዝ በእርግጥ ከአንድ ጭብጥ ጤፍ ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ወንጭፍ የወነጨፈ እረኛ እንደሚያውቀው፣ የሚሽከረከር ነገር ክብደቱ ቆሞ እንደሚመዘነው አይደለም። ቁመቱ አንድ ሜትር ከጥቂት የሆነ የከባድ መኪና ጎማ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ሲሄድ በደቂቃ 400 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚያን ጊዜ በጎማው ዳር ያለ 200 ግራም ትርፍ ክብደት ወደ ውጭ የሚጐትትበት ኀይል 18 ኪሎግራም ከሚመዝን ነገር ክብደት ጋር ይተካከላል። ፍጥነቱ ወደ 40 ሲወርድ ኀይሉ ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ፣ ማለት ወደ አራት ኪሎ ተኩል ግድም ይወርዳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኀይሉ አራት እጥፍ ይሆናልና። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ባለው 900 ኪሎሜትር ገደማ መንገድ አንድ ጎማ ከ270 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ሚዛን የሌለው ጎማም በዚያው ልክ አክሱንና መሪውን ይመታል።

የዚህ ምት ፍሬው ብዙ ነው። ኩሽኔቱ ይበላል፣ የመሪው መጋጠሚያ ይላላል፣ ባሌስትራው ይደክማል፣ የጎማው ፊት አንዱ ቦታ ጐድጕዶ ሌላው ቦታ አብጦ ያልቃል። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ጎማ ዕድሜውን ሳይጨርስ ይጣላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በሰው ላይ የሚደርሰው ነው። ሾፌር ሌሊቱን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ መሪ ጨብጦ ሲነዳ ክንዱ ይዝላል፣ ዐይኑም ይደክማል። በአፋር በረሓ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የደከመ ሾፌርና የደከመ ጎማ አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በመንገዱ ዳር የተገለበጡት መኪናዎች ይናገራሉ።

የሚዛን ጕድለትም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ጎማው ከፍ ተደርጎ ቢሰቀል የከበደው ወገን ወደ ታች ዞሮ የሚቆምበት ነው፤ ይህን ያለ መሣሪያ እንኳ ማየት ይቻላል። ሁለተኛው ግን ጎማው ቆሞ ሳለ የማይታይ ነው። በውስጠኛው ፊት በላይ በኩል ትርፍ ክብደት ቢኖር፣ በውጭኛው ፊትም በታች በኩል ያንኑ ያህል ቢኖር፣ ጎማው ተሰቅሎ ሲታይ የተስተካከለ ይመስላል። ሲሽከረከር ግን እንደ ሰካራም እግር ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል። ጥጥ የምትፈትል ሴት ይህን ከመጽሐፍ ሳትማር ታውቀዋለች፤ የእንዝርቷ ክብ ጥቂት ያዘነበለ እንደ ሆነ፣ ክብደቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ እንዝርቱ እየተንቀጠቀጠ ክሩን ይበጥስባታልና። ስለዚህ እውነተኛ ሚዛን የሚገኘው በሁለቱም ፊት ተመዝኖ ነው።

የቆየው መንገድ ትልቁ ብልጫ ይህን ማድረግ መቻሉ ነው። መሣሪያው ጎማውን አዙሮ በውስጠኛው ፊት ይህን ያህል፣ በውጭኛው ፊት ይህን ያህል ግራም፣ በዚህ ቦታ ይመታ ብሎ ይናገራል። ቍራጩ ከተመታ በኋላ ጎማው እንደ ገና ይዞራል፤ ሥራው ትክክል መሆኑም ወዲያው ይታያል። ምስክር ያለው ሥራ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ጕድለት የለበትም ማለት አይደለም። ቍራጩ በኮረኮንች መንገድ ላይ ተመትቶ ይወድቃል። ጎማው እያለቀ ሲሄድ የከበደው ቦታ ይለወጣል፤ ቍራጩ ግን በቦታው እንደ ተቸነከረ ይቀራል፤ ስለዚህ ምዘናው በየጊዜው መታደስ አለበት። ለታላላቅ ጎማ የሚሆነው መሣሪያም ውድ ነው፤ በትልልቅ ከተማ ካልሆነ በቀር በየመንገዱ አይገኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጕዳት ግን ቍራጩ ከተሠራበት ነገር ነው። እርሳስ ለስላሳ፣ ከባድና ርካሽ ስለ ሆነ ለብዙ ዘመን የሚዛን ቍራጭ የሚሠራው ከእርሱ ነበር። ዳሩ ግን እርሳስ መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጕዳት የማያመጣ የእርሳስ መጠን አልታወቀም ብሎ አስታውቋል። በትቢያ መልክ በአፍና በአፍንጫ ይገባል፣ በአጥንት ውስጥ ይከማቻል፣ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። ከመንገድ ዳር የወደቀው ቍራጭ በመኪና እየተረገጠ ይደቃል። በጋራዥ የወደቀውን ደግሞ ልጆች ይለቅሙታል፤ በቀላል እሳት ስለሚቀልጥም ሌላ ነገር ሊሠሩበት ያቀልጡታል፤ ጢሱን የሚስበውም ያው ልጅ ነው። አባት በጋራዥ ውሎ በልብሱ ይዞት የሚገባው ትቢያ እቤት ያለውን ሕፃን ይደርሰዋል።

ይህ ሥጋት ፍሬ ቢስ አለመሆኑን የሌሎች አገሮች ሕግ ያስረዳል። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2005 አጋማሽ ጀምሮ በትንንሽ አውቶሞቢሎችና በቀላል የጭነት መኪናዎች ጎማ ላይ የእርሳስ ቍራጭ እንዳይደረግ ከልክሏል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ ከልክሏል፤ ሌሎችም ግዛቶች ተከትለዋል። በመኪና ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ በ2021 ከመላው ዓለም ገበያ ወጥቷል። የኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በ2018 በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚቆጣጠር ደንብ አውጥቷል። እንግዲህ በግድግዳ ላይ የተከለከለው መርዝ በመኪና እግር ላይ እየተንጠለጠለ በየመንገዱ ቢዘራ፣ በፊት በር አስወጥቶ በጓሮ በር ማስገባት ይሆናል።

ለዶቃው ወገን የሚከራከሩ ሰዎች የሚነሡት ከዚህ ነው። ዶቃው መርዝ የለበትም፤ በውስጥ ስለሚቀመጥ በድንጋይ ተመትቶ አይወድቅም፤ ጎማው እያለቀ የከበደው ቦታ ቢለወጥ ዶቃውም አብሮ ይለወጣል ይላሉ። እንደ ጎማው መጠን ሦስት መቶ ግራም ገደማ የሆነ ዶቃ ጎማው በቸርኬው ላይ ሲገጠም ይጨመራል፤ ደቃቁም በቫልቮላው ቀዳዳ ይገባል። መሣሪያ አያስፈልገውም። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ዶቃው በጎማው ሆድ ውስጥ ይንከባለላል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከስምንት ወይም ከዐሥር ኪሎሜትር ሲያልፍ ግን በውስጠኛው ገጽ ዙሪያ ተጣብቆ አብሮ ይዞራል። ከዚህ በኋላ ዶቃው ወደ ቀለለው ወገን ይሰበሰባል ይባላል። ይህን የተጠቀሙ ብዙ ሾፌሮችም የመሪው መንቀጥቀጥ ጠፋልን ብለው ይመሰክራሉ።

ምስክርነቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ልቅ የሆነ ክብደት ወደ ቀለለው ወገን የሚሄድበት ሕግ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ተራ ሐሳብ የሚያስበው ወደ ከበደው ወገን ይሄዳል ብሎ ነውና። ይህን ነገር ቲርል የሚባል መሐንዲስ በአሜሪካ መርምሮ በ1950 ስለ ራስ ገዝ ሚዛን ጽፏል። ነገሩን ያለ ቍጥር ለመረዳት የፈለገ ሰው አንድ ስንዝር በሚሆን ክር ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሮ ይሞክር። እጁን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ቢያወዛውዝ ድንጋዩ እጁን ተከትሎ ይሄዳል። እጁን እጅግ ቢያፈጥን ግን ድንጋዩ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድንጋዩ ወደ ግራ ይሆናል። በሁለቱ መካከል አንድ የራሱ የመወዛወዝ ፍጥነት አለ፤ በዚያም ላይ ውዝዋዜው ከሁሉ ይበረታል።

በባሌስትራ ላይ የተሰቀለ የመኪና እግርም እንዲሁ የራሱ የመወዛወዝ ፍጥነት አለው። ጎማው ከዚያ ፍጥነት በታች ሲዞር የከበደው ወገን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዶቃውም ወደ ውጭ ወደ ወጣው፣ ማለት ወደ ከበደው ወገን ይሄድና ጕድለቱን ይጨምራል። ከዚያ ፍጥነት በላይ ሲዞር ግን የቀለለው ወገን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዶቃውም ወደዚያ ሄዶ ያስተካክላል። በፋብሪካ ፈጥኖ በሚዞር መሣሪያ ላይ ይህ ሕግ በሚገባ ይሠራል፤ ልብስ የሚያጥቡና ውሃ የሚጨምቁ መኪናዎችም በዚሁ ጥበብ ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ ከባድ መኪና እንመለስ ለሚል አንባቢ ቍጥሩ የሚያሳስብ ነው። የከባድ መኪና አክስ ከነእግሩ በጎማው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘልበት የራሱ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 10 ጊዜ አካባቢ ይገመታል። በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚሄድ ታላቅ ጎማ ግን በሴኮንድ የሚዞረው ሰባት ጊዜ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከባዱ መኪና በተለመደው ፍጥነቱ ዶቃው በሚገባ የሚሠራበትን ወሰን ሳይሻገር መንገዱን ሊጨርስ ይችላል። በእርግጥ የመኪና እግር ከአንድ በላይ የውዝዋዜ መንገድ አለው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትና ወደ ኋላም ይገፋል፤ ስለዚህ በዚህ ቍጥር ብቻ ዶቃው ከቶ አይሠራም ብሎ መፍረድ አይቻልም። ሆኖም ሻጩ በሁሉ ጎማ፣ በሁሉ ፍጥነት ይሠራል ሲል፣ ገዢው ያን ማመን የለበትም።

ከዚህም ሌላ ዶቃው በሁለቱ ፊት ያለውን የተሰወረ ጕድለት ለየብቻው ለማስተካከሉ የሚታይ ምስክር የለውም። በመሣሪያ የተመዘነ ጎማ ቍጥሩ በዐይን ይነበባል። ዶቃ የገባበት ጎማ ግን በመሣሪያ ላይ ቢወጣ ዶቃው ወዲያና ወዲህ ስለሚሄድ የሚሰጠው ቍጥር አይታመንም። ሥራው በሰው ስሜት ብቻ ይመዘናል ማለት ነው፤ ስሜት ደግሞ በቀላሉ የሚታለል ነገር ነው።

ስለ ሾፌሮቹ ምስክርነትም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዶቃ ለመጨመር ጎማው ብዙ ጊዜ ከቸርኬው ይወርዳል፤ ቸርኬው ይጠረጋል፤ ጎማው እንደ ገና ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አየሩም በልኩ ይሞላል። አስቀድሞ መንቀጥቀጡን ያመጣው ጠማማ አቀማመጥ ወይም የአየር ማነስ ከነበረ፣ ፈውሱ የመጣው ከመጥረጉና ከማቃናቱ ነው፤ ምስጋናውን የሚቀበለው ግን ዶቃው ነው። መድኃኒት ሲወስድ ዐብሮ ዕረፍት ያደረገ በሽተኛ ከሁለቱ ማን እንዳዳነው ሳይለይ እንደሚያመሰግን ያለ ነው። ይህ ሾፌሩን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ነገር ግን ምስክርነቱ ያልተለየ ምስክርነት መሆኑን ያሳያል።

የመንገዱም ኑሮ ሊታሰብ ይገባል። በሚሌ ወይም በአዋሽ ጎማ የፈነዳበት ሾፌር የሚሄደው ወደ ጎሚስታ ነው። ጎሚስታው ጎማውን በሌቫ ፈልቅቆ ሲከፍት በውስጡ ዶቃ እንዳለ የሚነግረው ከሌለ፣ ሦስት መቶ ግራም ደቃቅ ዶቃ በአሸዋው ላይ ይፈስሳል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለው ተረት በዚያ ይፈጸማል፤ ዳሩ ግን የተለቀመው ዶቃ አሸዋና ዘይት ይዞ ስለሚገባ እንደ ቀድሞው አይሆንም። በመሙያው አየር ውስጥ ውሃ ካለ ዶቃው ይረጥብና በአንድ ቦታ ይጓጕላል፤ ያን ጊዜ ሚዛን ሰጪ የነበረው ራሱ ሚዛን አጥፊ ይሆናል። ደቃቁ ዶቃ በቫልቮላው ገብቶ አየር እንዲያፈስስም ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ ማጥለያ ያለው የቫልቮላ ልብ ያስፈልገዋል። የውስጥ ላስቲክ ባለው ጎማም፣ የአየር ግፊት መለኪያ በውስጡ በተተከለበት ጎማም፣ የጎማው ሠሪ ይፈቅድ እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው።

ይሁን እንጂ ፍርድ የሁለቱንም ወገን ማየት አለበት። የሚመዝነው መሣሪያ በሌለበት አገር የሚዛን ቍራጭን ማመስገን፣ ሐኪም በሌለበት መንደር ሐኪም ቤት ሂዱ እንደ ማለት ነው። ከከተማ ርቆ በሚሠራ የእርሻ ወይም የመንገድ ሥራ መኪና ላይ፣ መሣሪያው ወዳለበት ከተማ ደርሶ ለመመለስ የሚጠፋው ቀንና ናፍጣ ብዙ ነው። በዚያ ያለ ሹም ዶቃን ቢሞክር ነቀፋ የለበትም፤ ከምንም ይሻላልን የሚለውን ግን በቍጥር ማረጋገጥ አለበት።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን ይደረግ የሚለው መልስ እንዲህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ማቃናት ነው። ዕንቍላል የመሰለ ክብ፣ የታጠፈ ቸርኬ፣ የተበላ ኩሽኔት፣ አየሩ ያነሰ ጎማ ያለበት መኪና በእርሳስም በዶቃም አይድንም። ጎማ በተገጠመ ቁጥር የቸርኬው ከንፈር ተጠርጎ፣ ጎማው በዙሪያው እኩል መቀመጡ በዐይንና በመለኪያ ቢታይ፣ ከሚዛን ጕድለት የሚበዛው በዚያው ያልቃል። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የፊት እግሮች፣ ማለት መሪውን የሚታዘዙት ጎማዎች፣ በመሣሪያ ተመዝነው በሁለቱም ፊት ቍራጭ ሊመታባቸው ይገባል። የሰው ሕይወት ያለው በእነርሱ ነውና፣ ሊነበብ በሚችል ሥራ እንጂ በተስፋ ሊሠሩ አይገባም። ቍራጩም ከእርሳስ መሆኑ ይቅር። ከብረትና ከዚንክ የተሠራ ቍራጭ አለ፤ እርሳስ ከብረት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ የብረቱ ቍራጭ ጥቂት ይተልቃል እንጂ ሥራው አንድ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ማኅበሮች ዕቃ ሲገዙ በጨረታው ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ጨምረው እርሳስ የሌለበት ይሁን ቢሉ፣ አዲስ ዐዋጅ እስኪወጣ ሳይጠበቅ ገበያው ይለወጣል። አሮጌው እርሳስም በየጋራዡ በአንድ ክዳን ባለው ዕቃ ይሰብሰብ፤ ልጆች አይንኩት፤ በማድቤት እሳትም አይቅለጥ።

ሦስተኛ፣ ዶቃው አይከልከል፤ ነገር ግን ይፈተን። ብዙ መኪና ያለው አንድ ማኅበር በአንድ መንገድ የሚመላለሱ፣ አንድ ዐይነት ጎማ ያላቸውን መኪናዎች ከሦስት ይክፈል። ሁሉም ጎማዎች በአንድ ቀን ወርደው፣ ተጠርገው፣ ቀንተው ይገጠሙ። ለአንዱ ክፍል ቍራጭ፣ ለአንዱ ዶቃ ይደረግ፤ ሦስተኛው ምንም ሳይጨመርበት ይቅር፤ ያን ጊዜ የማቃናቱ ፈውስ ከዶቃው ፈውስ ይለያል። ሾፌሮቹ የትኛው እንዳላቸው አይነገራቸው። በየዐሥር ሺህ ኪሎሜትሩ የጎማው ጥልቀት በሚሊሜትር ይለካና በመዝገብ ይጻፍ። ከጥቂት ጉዞ በኋላ መዝገቡ ከሻጭም ከተከራካሪም ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ዶቃው ከተረታ ገንዘብ ይድናል፤ ዶቃው ከረታም ገጠሩ ርካሽ መድኃኒት ያገኛል።

አራተኛ፣ ዶቃ የገባበት ጎማ ሁሉ በቸርኬው ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ በመኪናውም መዝገብ ይጻፍ። ጎሚስታው ምልክቱን አይቶ ከመክፈቱ በፊት ጨርቅ ያነጥፋል፤ ዶቃውም አይጠፋም። ጎሚስታዎችን በጥቂት ቀን ማስተማርም ከባድ ነገር አይደለም፤ እነርሱ የተማሩ እንደ ሆነ የመንገዱ ሁሉ መኪና ይጠቀማል።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሣ ክርክር አለ። መኪና በኢትዮጵያ መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ ሄዷል፤ አብዛኛው ታላቅ ጎማ ያለ አንዳች ሚዛን እስከ ዛሬ ሠርቷል፤ አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ የሚሉ አሉ። ለዚህ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ቀድሞ በኮረኮንች ላይ በሰዓት 30 እና 40 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና የሚዛን ጕድለቱ በመንገዱ ጕድለት ይሸፈንለት ነበር። ዛሬ ግን መንገዱ ተሻሽሏል፤ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ከተከፈተ ወዲህም ከባድ መኪናዎች በአስፋልት ላይ በፍጥነት ይበርራሉ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኀይሉ አራት እጥፍ እንደሚሆን ከላይ ተነግሯል። መንገዱ በተስተካከለ መጠን ያልተስተካከለው ጎማ ይገለጣል፤ አደጋውም ይበረታል።

ሌሎችም ጊዜና ገንዘብ ከየት ይመጣል ይላሉ። አንድ ጎማ መመዘን የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ቡና መጠጫ ብዙ አይበልጥም። በጊዜው ያልተመዘነ ጎማ ግን ያለ ዕድሜው ሲያልቅ የሚተካው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በመንገድ ላይ ሲፈነዳም የሚያስቀረው የቀን ሥራ ነው፤ መኪናው ሲገለበጥ ደግሞ በማናቸውም ገንዘብ የማይተካ ሰው ይጠፋል። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ ትንሹ ጕድለት በትንሽነቱ ሲታረም ነው የሚረክሰው።

ያ የጥንቱ ነጋዴ በበቅሎው ላይ ድንጋይ ሲጨምር የሚያየው ጭነቱ ቀጥ ብሎ መቆሙን ነበር፤ ድንጋዩ የወንዝ ይሁን የተራራ አይከራከርበትም ነበር። የዛሬም ሹም እንዲሁ ስለ እርሳስና ስለ ዶቃ በሚደረገው ክርክር ሳይጠመድ፣ የተመዘነውንና የተጻፈውን ይጠይቅ። የጎማው ሥራ በመዝገብ ሲገኝ፣ እርሳሱ ከልጆች እጅ ሲርቅ፣ የፊቱ እግር በመሣሪያ ሲመዘን፣ ሌሊት ከጋላፊ ስንዴ ጭኖ የሚወጣው ሾፌር የጸና መሪ ጨብጦ ቤቱ ይገባል። ይህም እንዲሆን ሥልጣኑ ያለው ሰው ሁሉ ከነገ ሳይሆን ከዛሬ ጀምሮ በእጁ ካሉት መኪናዎች አንዱን አስመርምሮ ሥራውን ቢጀምር ለአገር ጥቅም ይሆናል።